የመሀሎቹ ስም

«አቦ ኤቢሴ፣ አታካብጂ! ማን ያውቃል?» አለች ማርቲ ቻርቱን ሰሌዳው ላይ እየለጠፈች።

ክፍሉ እየጠበቃቸው ነው። ዛሬ ያሸነፉ ጥንዶች ሰበታ ለሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ያልፋሉ፤ ማርቲ ለዚህ ስትል ሰሞኑን ሰው አላስቀመጠችም። ርዕሳቸው «ሱ» የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው። ቻርቱ ላይ ሦስቱ ቡድኖች በሦስት ቀለም ተሥለዋል፤ በምሥራቅ ዳኮታ፣ በምዕራብ ላኮታ፣ መሀል ላይ ናኮታ። ሲያዩት ያምራል፤ የመሀሉ ስም ግን ስህተት ነው።

ማርቲ የገለበጠችው ከቆየ ጽሑፍ ነበር። ኤቢሴ ትናንት ስታነብ የመሀሎቹም ራሳቸውን የሚጠሩት ዳኮታ ብለው መሆኑን አገኘች። ናኮታ ነን የሚሉት አሲኒቦይን የተባሉ ሌሎች ዘመዶቻቸው ናቸው።

«ሦስቱም በቋንቋ ይግባባሉ ብለሽኝ የለ? ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» አለች ማርቲ።

መግባባቱንስ ይግባባሉ፤ የወለጋና የሰላሌ ኦሮሞ አነጋገሩ ቢለያይም እንደሚግባባው። ኤቢሴን የከነከናት ሌላ ነው። አያቷ ኦቦ ነገሳ እንግዳ ቤት ገብቶ አረፍ እንዳለ ጎሳውን ይጠይቃሉ፤ መልሱን ከራሱ አፍ ካልሰሙም አይቀበሉም። አንዴ ጎረቤታቸው ጉታ ስለ እንግዳው ቀድሞ ሲመልስ፣ «አንተን ማን ጠየቀህ? እሱ አፍ የለውም?» ብለውት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኤቢሴም ስቃበት ነበር። አሁን ግን እሷ ራሷ ጉታን ልትሆን ነው።

«እህ፣ ጀምሩ እንጂ» አሉ ቲቸር በሪሁን።

«ካበላሸሽብኝ አላናግርሽም» አለች ማርቲ በጆሮዋ። ተለጥፎ ያለቀውን የቻርቱን ጥግ ደጋግማ ትጫናለች። ኤቢሴን አንጀቷን በላቻት፤ ሰበታ መሄዱን እሷም ትፈልገዋለች።

ማርከሩን አንስታ የመሀሉን ስም ሰረዘችና ከላዩ «ዳኮታ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ አጉረመረመ።

«ተሳስተን ነበር» አለች ጮክ ብላ። «ቡድኖቹ ሦስት ናቸው። የመሀሎቹ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው።»

ቲቸር በሪሁን ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ማርቲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ኤቢሴ ብቻዋን ልትቀጥል ስትል ማርቲ ዞረች።

«ሱ የሚለውንም ስም ያወጡላቸው ሌሎች ናቸው» አለች እንደተኮሳተረች። «አምጪው፣ ርዕሱን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ኤቢሴ ማርከሩን ሰጠቻት።