የረውዳ ድንጋዮች

ቀረብ በሉ። መኪናው ሊነሳ ነው።

መኪናው ትልቅ ነው። ሰማያዊ ነው። ጎማው ብቻ እናንተን ያክላል።

ሆዱ ሙሉ አቮካዶ ነው። ከጅማ ጭኖ ወደ ወልቂጤ ይሄዳል።

«ሩምምምም!» ይላል።

መሪውን የያዘችው ረውዳ ናት። ረውዳ አዲስ ሹፌር ናት።

አጠገቧ ጋሽ ሽፋ ተቀምጠዋል። መንዳት የሚያስተምሯት እሳቸው ናቸው። ጢማቸው ነጭ ነው። ወሬ አያበዙም።

ዛሬ የመጨረሻው የትምህርት ቀን ነው። ወልቂጤ ሲደርሱ ጋሽ ሽፋ ከሁለት አንዱን ይላሉ።

«ደርሰሻል፤ ብቻሽን ንጂ» ይላሉ። ወይም «ገና ነሽ» ይላሉ።

ረውዳ «ገና ነሽ» መባል አትፈልግም። ኧረ በፍጹም!

መንገዱ ቁልቁል ወረደ። ሩቅ ታች የጊቤ ወንዝ ታየ። ከላይ ሲያዩት እንደ ክር ቀጥኗል።

በአንድ በኩል ተራራ ነው። በሌላ በኩል ገደል ነው።

«በከባድ ማርሽ» አሉ ጋሽ ሽፋ። «ቀስ!»

«እሺ ጋሼ። ቀስ፣ ቀስ» አለች ረውዳ።

ከባድ ማርሽ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ይይዘዋል። መኪናው «ሩምምም» እያለ ወረደ። ቀስ። ቀስ።

አንድ ጠመዝማዛ አለፉ። ሌላ ጠመዝማዛ መጣ። እሱንም አለፉ።

ድንገት «ቡም! ፍስስስስስ!»

መኪናው ወደ ገደሉ ዘንበል አለ።

«መሪውን አጥብቀሽ ያዢ!» አሉ ጋሽ ሽፋ። «ፍሬኑን በአንዴ አትርገጪ። ቀስ!»

ቀስ። ቀስ። ቀስ።

መኪናው ቆመ። ረውዳ ተነፈሰች።

«ጎማ ነው» አሉ ጋሽ ሽፋ። ወረዱ።

አዎ፣ ጎማ ነው። የኋላው ጎማ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆኗል።

«መጀመሪያ ምን ይደረጋል?» ጠየቁ ጋሽ ሽፋ።

«ታኮ!» አለች ረውዳ። ታኮ የሚባለውን ወፍራም እንጨት ከጎማው ፊት ወሸቀች። አሁን መኪናው ቁልቁል አይንሸራተትም።

«ቀጥሎስ?»

«ድንጋይና ቅጠል!»

የአገራችን ሹፌሮች እንዲህ ያደርጋሉ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራሉ። ቅጠልም ያኖራሉ።

ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ቅጠሉን ከሩቅ ያያል። «አሃ! ፊት ለፊት የቆመ መኪና አለ» ብሎ ቀስ ይላል።

ረውዳ ወደ ጠመዝማዛው ወጣች። አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘች። ወደ መንገዱ ገፋችው።

«ኩርርር... ጓ!»

ሌላ ደገመች። «ኩርርር... ጓ!»

ከዳገቱ ቁልቁል አንድ አንከባላ ጨመረች። እሱ የሁሉም አባት ነበር። «ኩርርርርር... ጓ!»

አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቆርጣ ከድንጋዮቹ አጠገብ አኖረች። እጇን አራገፈች። ወደ ታች ሮጠች።

ጋሽ ሽፋ ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብተዋል። ረውዳ አዞረችው። «ቂጭ! ቂጭ! ቂጭ!»

መኪናው ብድግ አለ። አንድ እግሩን ያነሳ አህያ መሰለ።

የፈነዳው ጎማ ወጣ። ደህናው ጎማ ገባ። የረውዳ ፊት ላብ በላብ ሆነ።

ያኔ ሰማዩ «ድም ድም ድም!» አለ።

«ዝናብ መጣ» አሉ ጋሽ ሽፋ። «ቶሎ በይ።»

ረውዳ ክሪኩን ጫነች። ታኮውን ጫነች። ዘላ ገባች።

«ሩምምምም!» መኪናው ሄደ።

አያችሁ? አንድ ነገር ረሱ። ምን ረሱ?

ረውዳ አላየችም። ጋሽ ሽፋም አላዩም።

ነፋስ መጣ። «ሽውውው!» ቅርንጫፉን አነሳና ገደል ከተተው።

ድንጋዮቹ ብቻቸውን ቀሩ። መንገዱ ላይ። ጠመዝማዛው ላይ።

ሰማያዊው መኪና ወረደ፣ ወረደ። ወንዙ አጠገብ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

እዚያ አንድ ቀይ መኪና ቆሟል። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ሹፌሩ ግዛው ይባላል።

ረውዳ መኪናውን ከመንገድ ወጣ አድርጋ አቆመች። ሹፌር ሹፌርን ዝም ብሎ አያልፍም።

«ምን ሆንክ ግዛው?» አሉ ጋሽ ሽፋ።

«ሞተሩ ግሎብኝ ነበር። አሁን ቀዝቅዟል» አለ ግዛው። ከዚያ ረውዳን አይቶ ሳቀ። «ጋሽ ሽፋ፣ መሪውን ተነጠቁ እንዴ?»

«አርፈህ ድንጋይህን አንሳ» አሉ ጋሽ ሽፋ።

«አነሳለሁ፣ አነሳለሁ! ትቼው ብሄድ እናቴም ቤት አታስገባኝም!»

ግዛው ጎንበስ አለ። ከመኪናው ኋላ ያስቀመጠውን ድንጋይ ገፋ። «ኩርርር... ጓ!» ድንጋዩ ከመንገድ ወጣ።

ረውዳ ሰማች። እጇ መሪው ላይ ደረቀ።

«ድንጋዮቼ!» አለች በልቧ።

ወደ ላይ አየች። ጉም ተራራውን እየዋጠው ነው። ጠመዝማዛው አይታይም።

ብትናገር ጋሽ ሽፋ «ገና ነሽ» ይሏታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

ግን ከጅማ አውቶቡስ ይመጣል። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ይመጣል። ሰው ሞልቶት፣ ልጆችም ይዞ ይመጣል።

ረውዳ ወደ ጋሽ ሽፋ ዞረች።

«ጋሼ» አለች።

«አቤት።»

«ድንጋዮቹን... አላነሳኋቸውም።»

ጋሽ ሽፋ ወደ ላይ አዩ። ጉሙን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔም ልብ አላልኩም» አሉ። ከዚያ «አውቶቡሱ ገና አላለፈም» አሉ።

መኪናው ረጅም ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። እዚያ ላይ ማዞር አይቻልም።

«ግዛው ወደ ላይ ነው የሚሄደው!» አለች ረውዳ።

«ሂጂ» አሉ ጋሽ ሽፋ።

ረውዳ የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ኪሷ ከተተች። ሮጣ ቀዩ መኪና ላይ ወጣች።

«ግዛው፣ በአላህ ቶሎ ንዳ! ድንጋይ ትቻለሁ!»

ግዛው መሳቁን ተወ። ሞተሩን አስነሳ።

ግን ሲሚንቶ ከባድ ነው። ዳገቱም ከባድ ነው። መኪናው «እህህህህ... እህህህህ...» አለ።

ቀስ። ቀስ።

«ትንሽ ቶሎ አይልም?» አለች ረውዳ።

«እህቴ፣ አሁን ከኤሊ ጋር ብገጥም ኤሊዋ ትቀድመኛለች።»

ቁልቁለት ላይ «ቀስ» ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ግን «ቀስ» ሆድ ያቃጥላል።

«ደረስን?»

«ገና።»

አንድ ጠመዝማዛ አለፉ። «እህህህህ...»

«አሁንስ?»

«ገና ነው እህቴ።»

ዝናቡ ጀመረ። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!» ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ።

ከላይ፣ ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጲጲጲጵ!»

አውቶቡሱ ነው!

ግዛው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «ምንም አይታየኝም። ከዚህ በኋላ እግርሽ ይሻላል። ዳር ዳሩን ሩጪ!»

ረውዳ ወረደች። ሮጠች። «ጠፍ! ጠፍ! ጠፍ!»

ጫማዋ ውኃ ሞላ። ሮጠች። ትንፋሽ አጠራት። ሮጠች።

ድንጋዮቹ እዚያው አሉ። ጥቁር ሆነዋል። ረጥበዋል። ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ረውዳ ትልቁን ገፋችው። እጇ አዳለጣት። እንደገና ገፋችው። «አልሄድም» ያለ መሰለ።

«ጲጲጲጵ!» አሁን ቅርብ ነው።

ረውዳ ድንጋዩን ተወች። ከዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ «ቀጭ!»

ድንጋዮቹን አልፋ ወደ ላይ ሮጠች። ተራራውን ተጠግታ ቆመች። ቅርንጫፉን አወዛወዘች።

ከጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ወጡ። ትንሽ ነበሩ። ከዚያ ትልቅ ሆኑ።

«ቁም! ቁም! ቁም!» አለች።

ዓይኖቹ አልቆሙም።

እስቲ እናንተም በሉ። ምናልባት ይሰማ ይሆናል።

«ቁም! ቁም! ቁም!»

«ሲጥጥጥጥጥጥ!»

ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

አውቶቡሱ ቆሟል። አፍንጫው ትልቁን ድንጋይ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ወረደ። ሆዱ ትልቅ ነው። ንዴቱም ትልቅ ነው።

ድንጋዮቹን አየ። «ማነው ይሄን ትቶ የሄደው?» አለ።

ረውዳ «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ! ድንጋይ ዘርተሽ ነው የሄድሽው? ይበቅላል ብለሽ ነው?»

የረውዳ ዓይን እንባ ሞላ።

አንዲት አሮጊት በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ተዋት አንተ!» አሉ። «ረስታ ሄደች፣ አስታውሳ መጣች። አንተ ባለፈው ዶሮዬን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ረስተህ አልነበር? መቼ ተመልሰህ መጣህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በይ ነይ» አለ። «አብረን እንግፋው።»

ግዛውም እያለከለከ ደረሰ። ሦስቱ ጎንበስ አሉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፋ!»

«ኩርርር... ጓ!» አንዱ ድንጋይ ከመንገድ ወጣ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፋ!»

«ኩርርር... ጓ!» ሌላውም ወጣ።

የድንጋዮቹ አባት ቀረ። እሱን ለመግፋት ከአውቶቡሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አሮጊቷም ሊወርዱ ነበር፤ ከለከሏቸው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ግፋአአአ!»

«ኩርርርርርር... ጓ!»

ወጣ!

ረውዳ ግን አልሄደችም። ጎንበስ ብላ ትንንሾቹን ጠጠሮች ሳይቀር ለቀመች።

«እሱስ ይቅር» አለ የአውቶቡሱ ሹፌር።

«አይቀርም» አለች ረውዳ።

ግዛው ወደ ቀዩ መኪና ተመለሰ። አውቶቡሱ ረውዳን ጭኖ ወረደ። ቀስ። ቀስ።

ታች ጋሽ ሽፋ መንገድ ዳር ቆመዋል። ዝናቡ አበስብሷቸዋል። ከሐሳብ ብዛት መኪናው ውስጥ ገብተው መቀመጥ አልቻሉም።

ረውዳ ወረደች።

«ተነሱ?» አሉ ጋሽ ሽፋ።

«ተነሱ።»

«ሰውስ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ጋሽ ሽፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከጢማቸው ላይ ውኃ ተንጠባጠበ።

ረውዳ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ገና ነኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። አንገቷን ደፋች። መሪ ወደሌለበት በር ሄዳ ከፈተችው።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ ሽፋ።

«ልቀመጥ።»

«እሱ የኔ ቦታ ነው።» ቁልፉን መልሰው ሰጧት። «ያንቺ በወዲያ ነው።»

ረውዳ ቁልፉን አየች። ጋሽ ሽፋን አየች።

«ነገስ፣ ጋሼ?»

«ነገ ብቻሽን ነሽ። እኔ ቤቴ ተኝቼ አረፍዳለሁ።»

«ግን እኮ ረስቼ ነበር!»

«ረስተሻል» አሉ። «ነግረሽኛል። ሮጠሻል። በይ ንጂ፣ በረደኝ።»

«ሩምምምም!» መኪናው ድልድዩን ተሻገረ። ዳገቱን ወጣ። ወልቂጤ ገባ።

ረውዳ ቤት ሙቅ ሾርባ አለ። ደረቅ ልብስ አለ። ትንሿ እህቷ ሂባም አለች። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባለች፤ አልተኛችም።

«ሹፌር ሆንሽ?» አለች ሂባ።

«ሆንኩ።»

«ዛሬ ምን አደረግሽ?»

«ድንጋይ አነሳሁ።»

«እሱማ ቀላል ነው!» አለች ሂባ። «ድንጋይ እኔም አነሳለሁ።»

«ከባድ ነው» አለች ረውዳ። «በጣም ከባድ ነው።»

ሂባ እጇን ያዘቻት። እጇ ተቧጭሯል። ሂባ «እፍ፣ እፍ» አለችላት። ከዚያ ሁለቱም ተኙ።

እዚያ ተራራው ላይ ገና ይዘንባል። አንድ መኪና ጠመዝማዛውን ወረደ። ቀስ። ቀስ።

ምንም አላገኘውም። «ሩምምም...» ብሎ አለፈ።

መንገዱ ባዶ ነው። እናንተም ተኙ።