ያላለቀው ሞተሪኖ

የትናንሽ መኪኖች ክለብ ጠጋኝ ኤርሜተ ፎርናሳሪ በጥገና ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የቀኝ እጁ ጣቶች በአንድ የሞተር ማስነሻ የእጅ ሞተሪኖ እጀታ ላይ ተጠምጥመው ደርቀዋል። ከራሱ በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ በተቆለፈው የብረት መያዣ ሞርሳ ጫፍ፣ የረጋ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል። መስኮቱ ዝግ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት በሪሞት የምትነዳ የውድድር መኪና በንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች፤ የነዳጅ ሰርባታዮዋ ባዶ ነው።

ኢንስፔክተር ኦርኔላ ብራጋሊያ በሩን አልፋ ስትገባ ከሬሳው በፊት የተቀበላት ሽታው ነበር። ጣፋጭ መስሎ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጥሬ ናይትሮ፣ የነዚህ መኪኖች ነዳጅ፣ ከእጅ መታጠቢያው ይተናል። ሰሃን ላይ የሻገተ አይብ አለ። ከኋላ ካለው ቦይ ደግሞ የበሰበሰ ዓሣ ግማት በግድግዳው ቀዳዳ ይገባል። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

«ትናንት ከዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። በጭስ አዙሮት ወድቆ ከሆነ ደሙ ይነግረናል፤ ውጤቱ ግን ሦስት ቀን ይፈልጋል።»

ሦስት ቀን መጠበቅ ኦርኔላ አልወደደችም።

ሬሳውን ያገኘው ኔሎ ጉይዴቲ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የካምፖሮቶ የትናንሽ መኪኖች ክለብ ፕሬዚዳንት ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ የክለቡን አርማ ደረቱ ላይ የለጠፈ። በእጁ ሞርታዴላ የገባበት ዳቦ ይዟል። ጓደኛው ከእግሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ተጋድሞ እሱ ያላምጣል።

«ምስኪን ኤርሜተ!» አለ፣ ፍርፋሪውን ከከንፈሩ እየጠረገ። «መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። በር ዘግተህ ሞተር አታስነሳ፣ ጭሱ ይጥልሃል ብዬዋለሁ። ማን ይሰማኛል?»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«አላየሁትም፣ ሰማሁት እንጂ። አንድ ሰዓት ላይ የግቢውን በር ልቆልፍ ስሄድ ያቺ ሞተሩ እንደ ተወጋ አሳማ ትጮኻለች። ይሥራ ብዬ ተውኩት። አርባ ዓመት ነው የምንተዋወቀው፣ ኢንስፔክተር። ወንድሜ ማለት ነው።»

«ወንድምዎ ሞቶ ዳቦው እንዴት ወረደልዎት?»

ኔሎ ዳቦውን ዝቅ አደረገ እንጂ አልጣለውም። «ስኳር አለብኝ፤ ካልበላሁ እወድቃለሁ።»

ሁለተኛው ሰው ሎሪስ ካቫኒ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የክለቡን ዋንጫ የወሰደ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎልማሳ። በሰው ሞት ያዘነ መሆኑን ለማሳየት ዓይኑን ሁለቴ ጨፈነና ወደ ጉዳዩ ገባ።

«እጁ ላይ ያለው ሞተሪኖ የኔ ነው። መቼ ይመለስልኛል? የክልሉ ውድድር በሚቀጥለው እሁድ ነው።»

ኦርኔላ ዞር ብላ አየችው።

«ሰው ሞቷል፣ ሎሪስ።»

«አውቃለሁ፣ ግን…»

«ግንህን ተወው። ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ።»

ስለ ዕቃው ሲጠየቅ ፊቱ በራ። «ድሪል በሉት። ከመኪናዋ ሞተር ኋላ ቀዳዳ አለ፤ የሞተሪኖውን ዘንግ እዚያ ይሰኩታል። ካንዴላዋን ያግላሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ሞተሩ ይነሳል። ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ኩሽኔታ ዘንጉን የምትነክሰው ወደ ቀኝ ሲዞር ብቻ ነው። ወደ ግራ ከዞረ በባዶ ትለቀዋለች።»

«ያንተስ ምን ሆኖ ነበር?»

«ሞተሩ በነዳጅ ሰምጦ እያለ በግድ ላስነሳው ብዬ ዳይናሞውን አቃጠልኩት። ኤርሜተ አዲስ ዳይናሞ እበይድለታለሁ አለኝ። ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልወስድ ብመጣ ገና ነው አለ። ተናደድኩ።»

«ምን አልከው?»

ሎሪስ መሬት መሬት አየ። «አንተ ሽማግሌ ኤሊ፣ ቶሎ ሙትና ሌላ ሰው ይጠግንልን አልኩት።»

«ጸሎትህ ደረሰልሃል» አለችውና ወጣች።

ከቦዩ ማዶ የኢዮሌ ቤርቶላኒ የላሞች በረት አለ። ኢዮሌ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ጎማ ጫማዋን የማታወልቅ። በክለቡ ጩኸት የተነሳ ለኤርሜተ «ሞተርህን ጉሮሮህ ውስጥ እወትፈዋለሁ» ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኔሎም ለፖሊሶቹ ደጋግሞ ነግሯቸዋል።

«ብዬዋለሁ!» አለች ኢዮሌ ሳትጠየቅ። «ከልቤም ነበር ያልኩት። ነይ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ቁርስ በልተሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።»

ኦርኔላ ተከተለቻት። የቦዩ ውኃ ላይ ሮዝ መልክ ያለው ቅባት ተነጥፏል። በቅባቱ ውስጥ የክንድ ያህል ዓሦች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ፣ ዝንብ ለብሰው ይንሳፈፋሉ። አንዱ ፈንድቷል። ኦርኔላ ፊቷን አዞረች።

«ከዚህ ነው ላሞቼ የሚጠጡት» አለች ኢዮሌ። «ሁለት ጥጃ ቀበርኩ። አረፋ እየደፈቁ ነው የሞቱት። ትናንት ቅዳሜ ቀትር ላይ ያ ኤርሜተ መጣ። ሊሰድበኝ መስሎኝ መንሽ አነሳሁ። እሱ እዚህ ቆሞ ዓሦቹን አየና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ቆሻሻ ማን እንደሚደፋው ደረስኩበት፣ ሰኞ አብረን ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፣ ግን መጀመሪያ ራሱን ላነጋግረው፣ አንድ ዕድል ልስጠው አለኝ።»

«ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። ወዳጁ መሆን አለበት። ሰው ለጠላቱ ዕድል አይሰጥም።»

«ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሞተር ሲጮህ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ላሞቼ ሲያመሰኩ እስኪሰማኝ ድረስ ጭር ብሎ ነበር። በስንት ዓመቴ!»

«ኔሎ ሰማሁ ይላል።»

«ይበል! እኔ ጆሮዬም ደህና ነው፣ አፌም ደህና ነው።»

ኦርኔላ ወደ ጥገናው ክፍል ተመለሰች። ሬሳው ተነስቷል፤ ሽታው ግን እዚያው ነው። መኪናዋ የተቀመጠችበትን ነጭ ጨርቅ በጭስ መውጫ ማርሚታዋ አፍ በኩል አጎንብሳ አየችው። አሻራ ተነስቶለት ወደ ጠረጴዛው የተመለሰውን ሞተሪኖ አገላበጠችው። አራት ቡሎን የሚያስፈልገው ክዳን በአንዱ ብቻ ተይዟል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈችና ቁልፉን ተጫነች። ሞተሪኖው ጥርት አድርጎ አጓራ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌሎች ሞተሪኖዎች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አምስት ናቸው።

«ሩጄሮ» አለች ረዳቷን፣ «ቆሻሻ ነዳጅ የሚሰበስበውን ድርጅት ባለቤት ከእንቅልፉም ቢሆን ቀስቅሰው። የዚህን ክለብ የቆሻሻ ነዳጅ በርሜል መጨረሻ የወሰዱት መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሦስቱንም እዚህ ሰብስብልኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። ኢዮሌ እጇን አጣምራለች። ኔሎ ላቡን ይጠርጋል። ሎሪስ ዓይኑ ሞተሪኖው ላይ ነው።

«እንዳስነሳ ፍቀጂልኝ እያልክ በዓይንህ ስትለምን ዋልክ» አለችው ኦርኔላ። «እንካ። ነዳጅ ሞልቻለሁ። የኤርሜተን መኪና በዚህ አስነሳልኝ።»

ሎሪስ ካንዴላዋን አጋለ፣ ዘንጉን ሰካ፣ ቁልፉን ተጫነ። ሞተሪኖው አጓራ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደገመ። ሠለሰ። ዘንጉን ነቅሎ በአየር ላይ አዞረውና ቅንድቡ ተነሳ።

«ወደ ግራ ነው የሚዞረው! ሽቦዎቹ ተገላብጠዋል። በዚህማ እስከ ገና ድረስ ብጫን አትነሳም።»

«ኤርሜተ ቀይና ጥቁር ሽቦ የሚያምታታ ሰው ነበር?»

«ኧረ ምን ሲሆን! ሁልጊዜ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ያያይዛቸዋል። በአየር ላይ ያዞርና አቅጣጫውን ያያል። ልክ ካልሆነ ያገላብጣል፣ ከዚያ አጥብቆ ይበይዳል፣ አራቱንም ቡሎን ያስራል። ይሄ…» ክዳኑን ነካካው። «ይሄ ገና አልተሞከረም።»

«ሥራው መሀል ላይ ሰው መጣበት» አለች ኦርኔላ። «ያ ሰው ሲጨርስ፣ ሟቹ በጭስ የሞተ እንዲመስል፣ አጠገቡ ያገኘውን ሞተሪኖ አንስቶ እጁ ውስጥ ከተተለት። ቁልፉንም ሳይሞክረው አልቀረም። ያጓራል፤ ስለዚህ ይሠራል ብሎ አመነ። በጆሮ ቀኝና ግራ አይለይም።»

«በሌላ ሞተሪኖ አስነስቶት ይሆናላ!» አለ ኔሎ።

«ሌሎቹ አምስቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ሁሉም ሆዳቸው ተዘርግፏል፤ አንዳቸውም ባትሪ እንኳ የላቸውም። ሎሪስ፣ የሠራች ሞተር ማርሚታዋ ምን ያደርጋል?»

«ዘይት ትተፋለች። ሁሉን ነገር ታጨቀያለች።»

«ይህን ጨርቅ ተመልከተው።»

ሎሪስ ጎንበስ አለ። «እንደ ታጠበ አንሶላ ነው።»

«ሰርባታዮውስ? ባዶ ነበር፤ ነገር ግን አልተቃጠለም። ጠዋት እጅ መታጠቢያው ጥሬ ናይትሮ ይሸት ነበር። ሞተሩ ሠርቶ የጨረሰው እንዲመስል እዚያ ነው የተደፋው። ትናንት በዚህ ክፍል ውስጥ ሞተር አልተነሳም። ሲኞራ ኢዮሌ አልሰማሁም አሉ፤ ልክ ናቸው። ሰማሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጭሱ ተረት እንዲታመን የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ።»

ኔሎ ሳቅ ብጤ አወጣ። «ከመንገዱ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰምቼ ይሆናል።»

«ጠዋት እንደ ተወጋ አሳማ ትጮኻለች ብለው ለይተው ነገሩኝ፣ ሲኞር ጉይዴቲ። የቆሻሻ ነዳጅ በርሜሉ ቁልፍም ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ሰብሳቢው እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመት አለፈው፤ በርሜሉ ግን ባዶ ነው። የት ገባ?»

ኢዮሌ ቀስ ብላ ወደ ኔሎ ዞረች።

«አንተ ነህ» አለች። «ጥጆቼ ሲሞቱ ወይን ይዘህ መጥተህ አጽናንተኸኛል።»

«ለዓሣ ብሎ!» ጮኸ ኔሎ በድንገት። «ለገማ ዓሣና ለሁለት ጥጃ ብሎ አርባ ዓመት የለፋሁበትን ክለብ ሊያዘጋ! የክልሉ ውድድር ደጅ ላይ ቆሞ! ለመንኩት። ራስህ ሄደህ ተናገር አለኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ትከሻውን ይዤ ሳብኩት፣ ገፋሁት… ሞርሳው ላይ ወደቀ። ልገድለው አላሰብኩም!»

«ወዲያው ሞተ?»

ኔሎ ዓይኑን ከሞርሳው ላይ አሸሸ።

«ወዲያው ሞተ ወይ ነው ያልኩት።»

«ይተነፍስ ነበር» አለ ኔሎ ድምፁ ወርዶ። «ያንኮራፋ ነበር። ጠበቅሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ሲጋራ… ሁለት ሲጋራ።»

አምቡላንስ ከከተማው ወደ ካምፖሮቶ ለመድረስ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሎሪስ አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሮጠና አጥሩ ሥር አስመለሰ። ኦርኔላ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታ ቢላዋ የያዙ፣ በቅናት ያበዱ፣ ሰክረው የገደሉ ብዙ አይታለች። ሲጋራ እያጨሰ ጓደኛው ትንፋሹ እስኪቆም የጠበቀ ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ከእሱ ጋር አንድ አየር መተንፈስ ቀፈፋት።

«ና፣ ውጣ» አለችው። አንቱታው እዚያው ላይ አበቃ። «ሩጄሮ፣ ካቴና አግባለት። መኪናችን ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው፤ መስኮቱንም ክፈተው።»

ኔሎ ሲያልፍ ኢዮሌ እግሩ ሥር ተፋች። መኪናው አቧራ አስነስቶ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጎማ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ኦርኔላ መጣች።

«ሬሳውን ማን ይወስደዋል?»

«ዘመድ የለውም፣ ሲኞራ። ወንድሜ ነው ይለው የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ኢዮሌ ወደ ቦዩ ዞር አለች።

«ከባሌ ጎን ለኔ ብዬ ያስቀመጥኩት ሰፊ ቦታ አለ» አለች። «ያ ጩኸታም ሽማግሌ እዚያ ይረፍ። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት አብረን እንሄዳለን ብሎኝ ነበር፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።»