ላምሪያ የደበቀችው ቀይ ኩባያ

ላምሪያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው በሩቅ አገር፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ መካከል ባለች ሳሞሲር በምትባል ደሴት ነው። አባቷ ዓሣ ያጠምዳል፤ እናቷ ደግሞ ሸማኔ ናት። ቶጋር የሚባል የሁለት ዓመት ወንድም አላት። ልጆች፣ የዛሬው ታሪክ የላምሪያ ነው። እንድነግራችሁ እሷው ፈቅዳልኛለች።

ቶጋር ደስ የሚል ልጅ ነው። ሲናደድ ግን መሬት ላይ ይንከባለላል፤ በምን እንደሚናደድም አይታወቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቱ የዓሣውን ጅራት ቆርጣ ሰጠችው። ቶጋር ጅራቱን አየ። ዓሣውንም አየ። ከዚያ በጀርባው ተዘርግቶ ይጮህ ጀመር።

"ምን ሆንክብኝ የኔ ጌታ?" አለች እናቱ።

"መልሺው" አለ እያለቀሰ። "ጅራቱን መልሺው።"

የተቆረጠ ጅራት እንዴት ይመለሳል? አባቱ ግን አልተቆጣም። ሄዶ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተጋደመ።

"እስቲ ጠጋ በልልኝ" አለው። "እኔም አሳዝኖኛል። ይኼ ዓሣ አሁን በምን ሊዋኝ ነው?"

ቶጋር ለቅሶውን አቋርጦ አሰበ። "በእጁ" አለ።

"በእጁ? እኔ እኮ ይኼ አልመጣልኝም።"

እናትና አባት ሳቁ። ቶጋርም እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ሳቀ። ላምሪያ ግን አልሳቀችም። "እኔ ትናንት ሩዝ ስደፋ 'አንቺ ትልቅ ልጅ አይደለሽ እንዴ' ተባልኩ" አለች በልቧ። "እሱ ሲጮህ ግን አባዬ መሬት ይተኛለታል።" ምሳዋንም ገፋ አደረገችው።

ይህ ስሜት ቅናት ይባላል፤ ታውቁታላችሁ አይደል? እኔ አውቀዋለሁ፤ አራት ታናናሾች ነበሩኝ።

ቅዳሜ መጣ። በማግስቱ እሑድ ላምሪያ ከመዘምራን ልጆች ጋር ልትዘምር ነው። እናቷ ጠዋት ፀጉሯን መሥራት ጀመረች። ግማሹን እንደ ጎነጎነች ቶጋር ተነሥቶ አለቀሰ።

"ቆይ መጣሁ የኔ ልጅ" ብላ እናቷ ሄደች። አልተመለሰችም። ቶጋርን አብልታ ስትጨርስ ሽመናዋ ላይ ተቀመጠች፤ የጎረቤት ሕፃን በማግስቱ ክርስትና ሲነሣ የሚታቀፍበትን ልብስ መጨረስ ነበረባትና። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋችበት ልብስ ነው። አባታቸው ሐይቅ ላይ ነበር።

"ላምሪያ፣ እስክጨርስ ወንድምሽን አጫውቺልኝ" አለች እናቷ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ።

"ፀጉሬስ?"

"ይደርሳል።"

ላምሪያ ግማሽ ፀጉሯን በእጇ ጨብጣ ቆመች። ያኔ ክፉ ሐሳብ መጣላት። ቶጋር አንዲት ቀይ የቆርቆሮ ኩባያ አለችው። ይጠጣባታል፤ እንደ ከበሮ ይመታታል፤ አንዳንዴም ኮፍያ ያደርጋታል። ያለ እሷ አይሆንለትም። "ብደብቃት ይጮሃል" አለች ላምሪያ። "አባዬ የለም። እማዬ ሥራ ላይ ናት። ዛሬ እንኳ ትቆጣዋለች።"

ኩባያዋን ሩዝ መያዣው ቅርጫት ውስጥ ቀበረቻት።

ቶጋር ጥቂት ፈለገ። ከምንጣፉ ሥር አየ። ዶሮዋን ገፋ አድርጎ ከሥሯ አየ። ከዚያ ጮኸ። መሬቱን በእግሩ እየደበደበ ተንከባለለ፤ ተንከባለለና እናቱ ሽመና ላይ ደረሰ። በሁለት እጁ ክሩን ጨብጦ ጎተተው። ጧ፣ ጧ እያለ ድሩ ተበጠሰ።

እናቱ እጁን በጥፊ መታችው። መትታው አታውቅም ነበር።

እናቱ የተበጠሰውን ክር አየች፤ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናም አለቀሰች።

ላምሪያ የተመኘችው ይኸው ሆነላት። ግን ደስ አላላትም። ቶጋር ደግሞ ተነሥቶ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ወደ እሷ። "ላያ" ብሎ እግሯን አቀፈ። ስሟን እንደዚያ ነው የሚጠራው። የተመታች እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አሳያት።

ላምሪያ አልቻለችም። ሮጣ ሄዳ ኩባያዋን ከሩዙ ውስጥ አወጣች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ የደበቅኋት" አለች። "እንድትቆጪው ብዬ ነው።"

እናቷ እንባዋን ጠረገች።

"ለምን?"

"ለእሱ ሲሆን ትስቃላችሁ። ለኔ 'ይደርሳል' ነው የምትሉኝ። እኔን ረስታችሁኛል።"

"ነይ እስቲ ቁጭ በይ" አለች እናቷ። "ጎረቤቱ ሁሉ ማን ብሎ ነው የሚጠራኝ?"

"ናይ ላምሪያ።"

"ምን ማለት ነው?"

"የላምሪያ እናት።"

"መጀመሪያ እናት ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። እስክሞት በአንቺ ስም ነው የምጠራው። እንዴት እረሳሻለሁ?" አለቻትና ፀጉሯን ዳሰሰች። "ፀጉርሽን ግን በግማሽ ትቼ መሄድ አልነበረብኝም። ቶጋርንም መምታት አልነበረብኝም። እሱ የሚጮኸው የተናደደበትን መናገሪያ ቃል ስለሌለው ነው። አንቺ ቃል ነበረሽ፤ ንገሪኝ እንጂ።"

"ይቅር በይኝ እማዬ።"

"ይቅር ብያለሁ። አሁን ክሩን ያዥልኝ።"

ያን ቀን ጓደኞቿ ሐይቁ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ድምፃቸው ይሰማት ነበር። ላምሪያ ግን አልሄደችም። የተበጠሰውን ድር ጫፍ ለጫፍ ስትይዝ፣ እናቷ ስትቋጥር ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ቶጋር ንዴቱ እንደገና ተነሣበት። ሁለቱን ጫማ በአንድ እግሩ ማድረግ ፈልጎ እምቢ አሉት። ተዘረጋ፤ ጮኸ።

እናቱ ልትነሣ ስትል ላምሪያ "ተዪው፣ እኔ አለሁ" አለች። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪተነፍስ ጠበቀች።

"እውነትህን ነው፤ ያናድዳል" አለችው። "እምቢተኛ ጫማ ነው። እስቲ እኔ ልሞክረው።" አንዱን ጫማ ጆሮዋ ላይ አስቀመጠች። "ሄሎ? የቶጋር እግር አለ?"

ቶጋር አያት። "አለ" አለ እንባውን እየጠረገ። ቀስ ብሎም እግሩን ዘረጋላት።

ልብሱ ሲመሽ አለቀ። እናትየዋ ለጎረቤቷ፣ ለሕፃኑ እናት የሆነውን ነገረቻት፤ ቋጠሮዎቹንም አሳየቻት። ጎረቤቷም "ሕፃኑ ቋጠሮ አይቆጥርም" ብላ በደስታ ተቀበለች።

እሑድ ጠዋት ላምሪያ ከመዝሙሩ በፊት ዓይኗን ጨፍና እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች። ፀጉሯ በሁለቱም በኩል ተጎንጉኖ ነበር። ቅናቷ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣባታል። ሲመጣባት ግን ሄዳ "እማዬ፣ ዛሬ ቀንቻለሁ" ትላለች፤ እናቷም ሥራዋን አስቀምጣ ታቅፋታለች።

ልጆች፣ ስትቀኑ ታናሻችሁን አትጉዱ፤ ለእሱ እዘኑለት፣ የእናንተን ሐዘን ደግሞ ለሚወዳችሁ ሰው ንገሩ።