የፉፋ አምፕሊፋየር

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር። 1971 ዓ.ም.፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ውጭ ፀሐይ ነበር።

ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ፉፋ በገዛ እጁ የጀመረው አምፕሊፋየር እናቱ ቤት ቀርቶ ነበር። ፉፋን ወስደው ካሰሩት ዓመት አልፎታል።

እናቱ እትዬ ሎሚ በየሳምንቱ ምሳ ዕቃ ይዘው ወደ እስር ቤቱ በር ይሄዳሉ። ልጃቸውን አያሳዩዋቸውም። ምሳ ዕቃው ግን ባዶውን ይመለሳል።

ባዶውን ከተመለሰ በሕይወት አለ ማለት ነው። ልጇ የሞተባትን እናት ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ይላታል። ይህን በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም።

«በከር፣ ያን ነገር ጨርስለት» አሉኝ። «ሲፈታ አልቆ ያግኘው። አሁንማ እንደ አሮጌ ድመት ነው የሚያንኮራፋው!»

እውነታቸውን ነው። ጎረቤት ያለው ወፍጮ በተነሳ ቁጥር አምፖሉ ይደበዝዛል፣ አምፕሊፋየሩም ያንኮራፋል። ስለዚህ ሬጉሌተር ሠራሁለት፤ የግድግዳው ኮረንቲ ቢወጣም ቢወርድም ለአምፕሊፋየሩ የሚደርሰውን እኩል የሚያደርግ።

ከፈትኩት። የኮረንቲ መለኪያዬ፣ የቴስተሩ መርፌ ሠላሳ ቮልት ላይ ቆመ።

ወፍጮው ተነሳ። አምፖሉ ደበዘዘ... መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ማንኮራፋቱም ጠፋ።

«እሰይ! እጅህ ይባረክ» አሉ።

ያኔ ነው የሰማሁት... ለካ ከማንኮራፋቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ።

ትንፋሽ።

ማይክራፎን የለም። ቴፕ የለም። የድምፅ መግቢያው ላይ አንድም ሽቦ አልተሰካም። ምናልባት የሬዲዮ ጣቢያ ጠልፎ ይሆናል ብዬ፣ ምንም እንዳይገባበት መግቢያውን በሽቦ ዘጋሁት።

ትንፋሹ ጭራሽ ቀረበ።

«እትዬ ሎሚ... ይሰማዎታል?»

«ዝም በል» አሉ በሹክሹክታ። «ጉንፋን ይዞታል።»

ከስፒከሩ ውስጥ...

«እማዬ... ምሳ አታምጪ።»

የፉፋ ድምፅ ነው።

ስፒናውን ከግድግዳው ነቀልኩት። ውስጡ የተጠራቀመው ኮረንቲ እስኪያልቅ ጥቂት ሊቆይ ይችላል፤ ያን አውቃለሁ። ጠበቅኩ...

ጠበቅኩ...

መርፌው ሠላሳ ላይ ነው።

እትዬ ሎሚ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ምሳ ዕቃ አነሡ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሞልተው ወስደው፣ ከእስር ቤቱ በር የተመለሰላቸው ነው። ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ።

ባዶ ነው። በእንጀራ ተጠርጎ የተበላ።

«ታዲያ...» አሉኝ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ማነው የሚበላው?»



ወፍጮው ቆመ። ስፒናው እጄ ውስጥ ነው።

የስፒከሩ ወረቀት ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ገፋ... ወደ ውስጥ ገባ... እንደገና ወደ ውጭ ገፋ።