ላምባ የሞላው ፋኖስ

ከእህል ጉድጓዱ ተጎትቶ የወጣው የላቀው ሬሳ ፊቱ ዱራ በሚሉት የሱዳን ማሽላ ተሸፍኖ ነበር። ሐምሳ አለቃ የሺመቤት ፍሬውን ከግንባሩ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገችለትና ቁጢጥ እንዳለች ቁስሉን ተመለከተችው። አጥንት ያሳያል።

«ወይ ጉድ!» አለች፤ «ይህን የሚያህል ቁስል እንዴት አልደማም?»

አጠገቧ የቆመው የፖሊስ መኮንን አብዱልሰላም አማርኛ አይሰማም። ቢሰማም የሚያደምጥበት ፋታ አልነበረውም፤ ሎሪው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል። ሎሪው ላይ ታምሬ የሚባል የቀን ሠራተኛ እጆቹ በካቴና ታስረው ተቀምጧል። ገዳሪፍ ተወስዶ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው፤ ከተፈረደበት ደግሞ መጨረሻው ገመድ ነው። ሚስቱ በለጡ ሕፃን ልጇን አቅፋ የሎሪውን ጎማ ሙጭጭ ብላ ይዛለች።

ጊዜው ሰባ ሰባት ነው፤ ከጎንደርም ከወሎም ከትግራይም ሰው እህል ያለበትን አገር ፍለጋ በእግሩ ሱዳን የገባበት ዘመን። ቦታው ከሐዋታ ወዲያ፣ አየነው የተባለ የመተማ ሰው ከድሮ ጀምሮ ተኮናትሮ የሚያርሰው እርሻ ነው። ሟቹ ላቀው የአየነው ወኪል ነበር፤ ሠራተኛ የሚያዝዝ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍርና የሚያስከፍት። የሺመቤት ደግሞ አገሯ ላይ መርማሪ ፖሊስ ነበረች። እዚያ በመጨረሻው ጊዜ መጀመሪያ ሰውየው ይመረጥና ወንጀሉ በኋላ ይፈለግለት ጀመር፤ እሷም አንገፈገፋትና ጥላ ተሰደደች። አሁን ሐበሻ በተጣላ ቁጥር ፖሊሶቹ አስተርጓሚ ብለው ይጠሯታል። ማስተርጎም ብቻ ግን አልሆነላትም፤ ጠያቂነት እንደ ትንባሆ ሱስ ሆኖባት ቀርቷል።

«ምን ማስረጃ አለህ፣ ጀናቡ?» አለችው በዐረብኛ። በዚያ አገር የፖሊስ መኮንን ጀናቡ፣ ወይዘሮ ደግሞ ሲት ነው የምትባለው።

«ሁሉ ነገር አለኝ፣ ሲት የሺ። ታምሬ ትናንት ወኪሉን መትቶ ገደለውና ጉድጓድ ከተተው፤ ዱራ ሰረቀ፣ የጉድጓዱንም አፍ መልሶ ደፈነው። አየነው ዛሬ ጠቁሞን ነው የከፈትነው። የታምሬ ፎጣ ሬሳው ላይ ተገኝቷል። ጎጆው ውስጥ ዱራ አለ። ከዚያ በፊትም ተጣልተዋል።»

ጠቡን የሺመቤትም ሰምታለች። ታምሬ «የሠራተኛው ድርሻ ሳይሰፈር አንድ ጆንያ ሎሪ ላይ አይወጣም!» ብሎ ሠራተኛውን በሙሉ አስቁሞ ነበር።

«ሬሳውን ማን ወርዶ አወጣው?»

«ማንም አልወረደም። ወታደሮቹ ሬሳ ያለበት ጉድጓድ አንገባም አሉ። ባልዲ ማውጫውን መንጠቆ ሰድደው ጎተቱት። ፎጣውንም ፋኖሱንም እንደዚያው።»

«ፋኖስ?»

ከሎሪው ጋቢና አምጥቶ ሰጣት። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። የክሩ ጫፍ ጠቁሯል። ነቅነቅ ስታደርገው ላምባው ተንቦጫቦጨ፤ እስካፉ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

«ፋኖስ መገኘቱን ለማን ነገርህ?»

«ፋኖስ ደግሞ ምን ይነገራል?»

«ጎሽ፤ አሁንም እንዳትነግር። ሎሪውንም አጥፋልኝ፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል።»

አብዱልሰላም ሰዓቱን አየና ቅር እያለው አስጠፋ። የሺመቤት ወደ በለጡ ሄደች።

«እታለም፣ ያንን ዱራ ከየት አመጣችሁት?»

«ቃርመነው ነው፣ እትዬ፤ ማጭድ የሳተውን ከማሳ ላይ። ከፈለጉ ይዩት፣ ይኸው።» ከጎጆዋ ቋጥራ ያመጣችውን ፈታችው።

የሺመቤት አንድ ጭብጥ አፈሰችና አሸተተችው። «ፎጣውስ?»

«አያ አየነው ደጅ ነው የቀረ» አለች በለጡ፤ እንባዋ መጣ። «ልጁ ረሃቡ ሲብስበት ጊዜ ታምሬ ፎጣውን መሬት ላይ ዘርግቶ ‹ከድርሻዬ አንድ ጣሳ ብቻ ስፈሩልኝ› አለ። በዱላ አባረሩት። ፎጣውን እንኳ ሳያነሳ ሮጠ።»

አየነው ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። የሺመቤትን ሲያይ አልተነሳም።

«ምን ያለፋሻል? ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው። ታምሬ ጆንያ ተሸክሞ ከጉድጓዱ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ።»

«ከውስጥ ሲወጣ?»

«ከውስጥ ነዋ! ከታች ሆኖ ጆንያውን ሲሞላ ቆይቶ ነው የወጣ።»

«ታዲያ ለምን አልጮሁም?»

«ሌባ ነው እንጂ ነፍሰ ገዳይ መች መሰለኝ!»

የቀረው ጋረደው ነው፤ የላቀው የአክስት ልጅ፣ ከወገራ ደጋ የመጣ ጎልማሳ። ከሬሳው ራቅ ብሎ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

«እኔ ጉድጓድ የሚባል አላውቅም» አላት። «እኛ አገር እህል ጎተራ ነው የሚገባ። ትናንት በዚህ በኩል ድርሽ አላልሁም።»

ያልጠየቀችውን ነው የመለሰላት። እሷም «አይዞህ» ብላው ወደ አብዱልሰላም ተመለሰች።

«ሁሉንም እዚህ ሰብስብልኝ። ታምሬንም አውርደው።»

ጉድጓዱ እህሉ እንዳይዘረፍ ሬሳው ከወጣ በኋላ ተመልሶ በሳንቃ ተከድኗል። ሠራተኛውም ከየማሳው መጥቶ ከበበው። የሺመቤት ሳንቃውን አንድ ባንድ አነሳችና ቀሚሷን ሰብስባ ከአፉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ወደ ውስጥ ሰደደች።

«ከታች የማየው ነገር አለኝ» አለች።

«ኧረ በማርያም!» ብሎ ጋረደው ዘልሎ ክንዷን ያዘ። «አይውረዱ እትዬ! ፋኖሱ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ሰውየውም...»

የሺመቤት እግሯን ቀስ ብላ አወጣች።

«የትኛው ፋኖስ?» አለችው በለሆሳስ። «ፋኖስ መኖሩን ጀናቡ፣ ወታደሮቹና እኔ ብቻ ነን የምናውቅ። አንተ ደግሞ ትናንት እዚህ ድርሽ አላልህም።»

ጋረደው እዚያው ተንበረከከ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር የሺመቤት እጇን አነሳችና ለአብዱልሰላም በዐረብኛ፣ ለሠራተኛው ባማርኛ እያፈራረቀች ነገሩን ትተረትረው ጀመር።

«ከቁስሉ እንነሳ። በሕይወት ያለ ሰው ግንባሩ እንዲህ ከተተረከከ ደሙ ልብሱን ያርሰው ነበር። ይህ ጠብታ የለውም። ከሞተ በኋላ የመጣ ቁስል ነው። አትቆጣ፣ ጀናቡ፤ ያቆሰለው የእናንተው መንጠቆ ነው።»

አብዱልሰላም ወደ ወታደሮቹ ዞረ። ወታደሮቹ ወደ ጫማቸው።

«ታምሬ ሰረቀው የተባለው ዱራ ይኸው። ከጉድጓዱ የወጣው ደግሞ ይኸው። አሽትተው።»

መኮንኑ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን አሸተተ። የጉድጓዱ እህል እንደ ከረመ ድፍድፍ ይከረፋል፤ የታምሬው ፀሐይና ገለባ ነው የሚሸተው። ሁለተኛውን መልሶ አሸተተው።

«አሁን ፋኖሱ። ላቀው ተመትቶ የተጣለ ቢሆን ፋኖሱ አብሮት ወድቆ መስታወቱ በደቀቀ፣ ላምባውም በፈሰሰ ነበር። ይህ ደህና ነው። በርቷል፤ ላምባው ሳያልቅ ግን ጠፍቷል። ላቀው ራሱ በእጁ ይዞት ወርዶ፣ አስቀምጦት ነው የሞተው። የመተማ ሰዎች፣ ምን እንደገደለው ታውቃላችሁ።»

«የታፈነው አየር!» አሉ ከሠራተኞቹ መሐል።

«አዎ። ጉድጓድ ሲከፈት መናፈስ አለበት። ከዚያም የበራ ፋኖስ በገመድ ይሰደዳል፤ ከጠፋ ማንም አይወርድም። ላቀው ይህን ስንት ዘመን ሠርቶበታል። ታዲያ ምን ነክቶት ሳይሞክር ወረደ? ውሎ የተናፈሰ መስሎት ነው። የሚያምነው ሰው እንደዚያ ብሎታል። ጋረደው፣ የቀረውን አንተ ተናገር።»

«ጠዋት ክፈተው ብሎኝ ነበር» አለ ጋረደው። «እንቅልፍ ጣለኝና ሲመጣ ነው የከፈትሁት። ‹ተናፈሰ ወይ?› አለኝ። ቁጣውን ፈርቸ ‹ተከፍቶ ነው የዋለ› አልሁት። እንዲህ ይገላል ብየ መች አውቄ! ፋኖሱ ድርግም አለ። ‹ላቀው!› ብል፣ ዝም። ሮጨ ለአያ አየነው ነገርሁ። መጥቶ አየና የታምሬን ፎጣ ከቤቱ አምጥቶ ወረወረበት። ‹አፉን ድፈነው፤ ትንፍሽ ብትል የምትሰቀለው አንተ ነህ› አለኝ።»

በለጡ እሪ አለች። አየነው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ይኸው አመነ! ገዳዩ እሱ ነው፣ እሱን እሰሩ! እኔ ማንን ገደልሁ? የገደለው ጉድጓዱ ነው!»

«ልክ ነህ» አለችው የሺመቤት፤ አንቱታው ቀርቷል። «ላቀውን የገደለው ጉድጓዱ ነው። ታምሬን ግን ልትገድለው የነበርህ አንተ ነህ። ፋኖስ ድርግም ካለበት ጉድጓድ ታምሬ ጆንያ ሞልቶ ወጣ አልህ! የሠራተኛውን ድርሻ የሚጠይቅህን አፍ በመንግሥት ገመድ ልታዘጋው ነበር።»

አየነው አብዱልሰላምን አየ። አብዱልሰላም ግን ዓይኑ ጋረደው ላይ ነው።

«ይህም ዋሽቷል፤ በውሸቱም ሰው ሞቷል» አለ። «ሁለቱም ይከሰሱ።»

«ጀናቡ፣ ጋረደው የዋሸው ቁጣ ፈርቶ ነው፤ ላቀው እንዲሞት የፈለገው ነገር የለም። ዝም ያለውም ገመድ ታይቶት ነው፤ እኔን ሊያድን ሲል ግን ገመዱን ረሳው። እሱን ብትከስሰው የምታድነው ሰው የለም። አየነው ግን ፎጣ መረጠ፣ ሰው መረጠ፣ አንተን መረጠ። ይህ ዛሬ ካልተከሰሰ ነገ ሌላ ፎጣ ያመጣልሃል።»

አብዱልሰላም ካቴናውን ከታምሬ እጅ ፈታው፤ ወደ ጋረደው ሲራመድ ጋረደው ሁለት እጁን ዘረጋለት። መኮንኑ አልፎት ሄዶ አየነውን አሰረው።

«ጋረደው ለምስክርነት ይፈለጋል» አለ ለየሺመቤት። «የሠራተኛውም ድርሻ ዛሬ ይሰፈር።»

ላቀውን ቀበሩት። ሲመለሱ ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲናፈስ ውሏል። ታምሬ ያንን ፋኖስ አብርቶ፣ እጀታው ላይ ገመድ አሰረለትና ለጋረደው አቀበለው።

ጋረደው ቀስ አድርጎ ሰደደው። ፋኖሱ ታች ደርሶ ቦግ ብሎ ቆመ። ሁሉም አየው። ጋረደው ግን ገመዱን እንደያዘ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ፣ ቆየ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ የበለጡ ልጅ ያለቅሳል፤ ከበው የቆሙት ሁሉ ባዶ ቁናና ጣሳ ይዘዋል። «ቶሎ በል» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም።