የመርሳ ዘይቱን ጎብኚዎች

ለሰሚው ሁሉ ይታወቅ፤ በዕለተ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በደብረ ታቦር ገበያ አንዲት ሴት አምስት ኪሎ ድንች ገዛች።

ከመግዛቷ በፊት ጠየቀች።

«የጉና ነው የገሳይ?»

«የጉና። የገሳዩ ቅዳሜ ይገባል።»

ኮዱ ይህ ነበር። ያወጣው ሰው አዲስ አበባ፣ የወንጀል ምርመራ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ድንች የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህንኑ እንደሚጠይቅ የነገረው የለም። ሻጩ አያሌው ከማለዳ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ተጠይቆ፣ አሥራ አራት ጊዜ በኮድ መልሷል። ድንቹም እያለቀበት ነበር።

አያሌው ድንች ነጋዴ አይደለም። የሴትዮዋ አለቃ ነው። ሴትዮዋም ሩት አይደለችም። ለሁለት ወር ግን ሩት ናት፤ የቤሩት ተመላሽ፣ እንደገና ለመሄድ የቆረጠች። የሥራ ስሟ «ገብስ»።

ጎንበስ ብላ ድንች ስትመርጥ ከነጠላዋ ሥር አንድ ፖስታ ማዳበሪያው ውስጥ ጣለች። አያሌው በጉልበቱ ከልሎ ገለጥ አደረገው። ፎቶ ነው። ሩት ሜዲትራኒያን ባሕር ፊት ቆማ ትስቃለች። ፀጉሯ ርሷል። ጥጉ ላይ ቀን ታትሞበታል፤ የሚመጣው ወር፣ አሥራ ስምንት።

«ደርሰሻላ!» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ትናንት ከሰዓት ነው የደረስኩት።»

ባሕሩ ያለው ከመናኸሪያው በላይ፣ ይሻው ፎቶ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ነው። ሠዓሊው ዘንባባ አይቶ አያውቅም፤ ኮባ ነው የሣለው። ጀልባውም የጣና ታንኳ ነው። ከላይ በትልቁ «መርሳ ዘይቱን» ተጽፏል፤ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ለጉብኝት የምትመች። ደላላው ይሻው የሰው ልጆችን ሰብስቦ በመተማ በኩል ከመስደዱ በፊት አንድ በአንድ እዚያ ፊት ያቆማቸዋል። ራሳቸው ላይ ውኃ ይረጫል። ትናንት ከሩት በፊት የቆመችው ሚሚ የምትባል የገሳይ ልጅ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፈርታ ነበር።

«ሳቂ እንጂ!» አላት ይሻው። «ደርሰሻል እኮ!»

ከወር በኋላ ፎቶው ለእናት ይሰጣል። እናት ጎረቤት ትጠራለች። የጎረቤት ልጅ ይነሣል። ንግዱ ይኸው ነው። ልጁ መድረስ አለመድረሱ ንግዱን አይነካውም።

«ፎቶ ማንሣት ወንጀል አይደለም» አለ አያሌው ድንቹን እየመዘነ። «ልጆቹ መሞታቸውን እያወቀ ፎቶ እንደሚያድል ማስረጃ አምጪልኝ። በገዛ እጁ የተጻፈ።»

«ካመጣሁስ?»

«ቅዳሜ ሚኒባሷን ወረታ ላይ አስቆማታለሁ።»

«የሚሄዱት አሥራ አንዱም ልጆች ይወርዳሉ?»

«አሥራ አንዱም። አንቺ አሥራ ሁለተኛ ነሽ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከኋላዋ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዘንቢል ይዘው ቆመዋል።

«የጉና ነው የገሳይ?»

አያሌው ተነፈሰ። «የጉና፣ እናቴ። የገሳዩ ቅዳሜ ይገባል።»

*

ሩት የምታድረው ወይዘሮ አማረች ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ልጃቸው ካሴ ባሕሩ ፊት ቆሟል። እዚያ ከተሰቀለ ዐሥር ወር ሆኖታል። ካሴ ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ ይሻው «ኔትወርክ የለም» ብሏል፤ ኔትወርክ አለመኖሩን ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ የሚጠራጠር የለም።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ አንቺ አይተሽዋል» አሉ አማረች ድንቹን እየላጡ። «ባሕሩ ይበርዳል?»

ሩት ያየችው ትልቁ ውኃ ጣና ነው።

«ጠዋት ጠዋት ነፋስ አለው፣ እትዬ።»

«እንደ ጉና?»

«ኧረ እንደ ጉናስ አይሆንም።»

«እሰይ። የሱ ደረት ብርድ አይችልም።» ወደ ፎቶው ቀና አሉና አማተቡ። «ወልደ ትንሣኤን አንተ ጠብቀው።»

የካሴ የክርስትና ስም ነው። ሩት መዘገበችው። መመዝገብ ሥራዋ ነው።

ሁለት ወር ይሻውን ስትከታተል አንድ ነገር አልገባትም ነበር። በዓል በሌለበት ቀን ጧፍና ዘቢብ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ያ ሁሉ ውሸት ያለበት ሰው ለማን ነው ጧፍ የሚያበራው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቄስ ገብረመድኅንን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ ቤሩት የሞተች ጓደኛ ነበረችኝ። ፍትሐት ላስደርግላት ነው።»

«ስመ ክርስትናዋ?»

«ወለተ ሐና።»

ቄሱ የመጽሐፋቸውን ማኅደር ፈተው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። «በሰው አገር የሞቱትን አንድ ላይ ነው የማደርስላቸው።»

ወረቀቱ የይሻው ፎቶ ቤት ፖስታ ነው። ማኅተም አለው። በይሻው እጅ ዘጠኝ የክርስትና ስም ተጽፎበታል። ከእያንዳንዱ ጎን የሞተበት ቀን።

አራተኛው ወልደ ትንሣኤ ነበር።

ይሻው ሰው ይሸጣል። ፍትሐት ግን አያስቀርም። የዚህ አገር ሰው ነዋ።

«ይኸን አውቀዋለሁ፤ የአማረች ልጅ ነው» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌሎቹ የኔ ንስሐ ልጆች አይደሉም። ይሻው ደግሞ የልጁ አጎቶች ለመርዶው ቀን እየመረጡ ነው ብሎኛል። መርዶ ሳይረዳ ሞት አይነገርም፤ ዝም አልኩ። ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ምን ዓይነት ቀን ነው የሚመርጡት?»

አጎቶቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ሩት ግን ይህን ለቄሱ አልነገረቻቸውም።

«ወረቀቷ ተበልታለች፣ አባ። በንጹሕ ልገልብጥልዎ?»

«ይባርክሽ። ዓይኔም ደክሟል።»

ጻፈች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዘጠነኛውን ጽፋ ፖስታውን ጉልበቷ ሥር ስትሸጉጥ የግቢው በር ተንቀጫቀጨ።

ይሻው ነበር።

ጧፍ ይዟል።

«ሩት? ምነው እዚህ?»

«ለጓደኛዬ ፍትሐት። መንገድ ሳልወጣ ብዬ።»

«ደግ አደረግሽ።» ዓይኑ እጇ ላይ ነው።

«አሮጌዋ ወረቀት ተበልታ ነበር» አሉ ቄሱ ደስ ብሏቸው። «ይቺ ልጅ ገለበጠችልኝ።»



«አሮጌዋስ?» አለ ይሻው።

ፖስታው ከጉልበቷ ሥር ጥጉን አሾልኳል።

«ስም የተጻፈበት መሬት አይጣልም ብለው አባ አቃጠሉት» አለች ሩት።

ይሻው ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ ሩትን አዩ። ከዚያ ጉልበቷን አዩ። ቄስ ገብረመድኅን በአርባ ዓመት ክህነታቸው ዋሽተው አያውቁም።

ዝም አሉ።

ዝም ማለት ደግሞ ይችሉበታል።

«ጥሩ አደረጉ» አለ ይሻው በመጨረሻ። ጎንበስ ብሎ በቄሱ ጆሮ አንድ አዲስ ስም ሹክ አለ።

«ወለተ ኪዳን ነው ያልከኝ?» አሉ ቄሱ ጮክ ብለው። ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። «ጻፊ፣ ልጄ።»

እስክሪብቶው በሩት እጅ ነው። ይሻው ከራሷ በላይ ቆሟል። ዐሥረኛዋን ጻፈች።

*

በዚያው ምሽት አያሌው ፖስታውን ሻይ ቤት ውስጥ ተቀበላት። አነበበው። ኪሱ ከተተው። ሻዩን አማሰለ።

«ጎበዝ። አሁን ስሚኝ። ሚኒባሷ አትቆምም።»

«ምን?»

«ቢሮው ትልቁን ሰው ይፈልጋል። እሱ ያለው መርሳ ዘይቱን ነው። አሥራ አንዱ ይሄዳሉ፤ እኛ እንከተላለን። አንቺም አብረሻቸው ነሽ።»

«በፊት የሄዱት አልደረሱም። ዐሥር ስም ነው የጻፍኩት።»

«የደረሱም አሉ።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ድንች ሻጭ ሆኜ ነው የገባሁት» አለና ተነሣ። «ነገ አንድ ሰዓት ተኩል። እንዳትቀሪ።»

ማስረጃው ከኪሱ ጋር ወጣ። ሩት ሻይዋን ተወችው። ስሞቹን ግን በእጇ ጽፋቸዋለች፤ በቃሏ ይዛቸዋለች። ችግሩ፣ የክርስትና ስም የሚያውቀው ቤተሰብና የንስሐ አባት ብቻ ነው። ከዐሥሩ የማን ልጅ እንደሆነ የምታውቀው አንዱን ነው።

ያ አንዱ በቂ መሆን ነበረበት።

የቄሱን ደጅ አንኳኳች። «አባ፣ አጎቶቹ ቀን እየመረጡ አይደለም። የሚያውቅ ሰው የለም።»

ቄሱ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። 

«ንጋት ላይ እንሄዳለን» አሉ።

*

በዚህ አገር፣ ጎሕ ሲቀድ ቄስ ደጅ ላይ ከቆመ ሌላ ቃል አያስፈልግም። አማረች በሩን ከፍተው ቄሱን አዩ። ሩትን አዩ።

«ካሴ ነው?»

«ጽኚ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

አልጮኹም። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጫማው ላይ ያለው ጭቃ የኛ ነው» አሉ። «ባሕሩ አሸዋ ነው ይላሉ። እኔ ዐሥር ወር ይኸን ጭቃ ሳይ ነበር። ማንንም አልጠየቅሁ። ከጠየቅሁ ይነግሩኛል ብዬ።» ወደ ሩት ዞሩ። «አንቺም አላየሽውም አይደል?»

«አላየሁትም፣ እትዬ።»

«ነፋስ አለው ስትዪኝ አምኜሽ ነበር።»

 ሩት በወሰደችው ሥልጠና ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

አማረች ተነሡ። «መኪናዋ ስንት ሰዓት ናት?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ልቅሶው ይቆየኝ» አሉ። ነጠላቸውን ገለጡና አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ፣ እንደ ሐዘንተኛ።

*

ሚኒባሷ ፎቶ ቤቱ ፊት ሞተሯን አስነሥታለች። አሥራ አንዱ ተሳፍረዋል። ሚሚ መስኮት ጋ ናት። ቤተሰብ ከብቦ ይመርቃል፤ ይሻው ባርኔጣውን አድርጎ ይዞራል፤ ከማዶ አያሌው የመጨረሻውን ማዳበሪያ ይጠብቃል። ፍቅርተ የምትባል የሐሙሲት ከተማ ሴት፣ ወንድ ልጇን ማሩን በመስኮት በኩል ትመክራለች። ታላቅ እኅቱ ደርሳለች፤ ፎቶዋ ሐሙስ ዕለት ነው የመጣው። ማሩ እሷን ብሎ ነው የሚሄደው።

የሩት ስልክ ነዘረ፤ አያሌው ነው። «ግቢ።»

ሲሙን አወጣች። ሰበረችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገብስ የምትባል ሠራተኛ ቢሮው የለውም፤ ሩት የምትባልም ሴት የለችም። ድንች የተሸከሙ ሰዎች መሐል ገባች። ማንም ቀና ብሎ አላያት። መንገዱ ጥግ ስትደርስ ብቻ ዞረች።

አማረች መጡ።

 ሚኒባሷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ማን ነው፣ አማረች?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ካሴ።»

 ባርኔጣ ያለው አወለቀ። ሐዘንተኛ መሬት ላይ ተቀምጦ እያለ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው የለም፤ አንድ በአንድ እየቀረቡ ጎንበስ አሉ። ይሻውም መቅረት አልቻለም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረበ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ።

ቀና ሊል ሲል ፍቅርተ አጠገቡ ቆማለች። ላብ አጥምቆታል። ጎንበስ እንዳለ ወደ እሷ ዞረ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ፍቅርተ።»

ከዚያ የገዛ ቃሉን ሰምቶ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ለፍቅርተ ሞት ያረዳት ሰው አልነበረም። ከማዶ አያሌው ማዳበሪያውን ለቀቀው።

ፍቅርተ አየችው። ፎቶ ቤቱን አየች። አንድም ነገር አልጠየቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ፈልጋ፣ አዘቀዘቀችው።

«ማሩ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ውረድ።»