ከሰማንያ አንዱ ውጪ

የቆዳ ማኅደሩ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። «የመበለቲቱ ትምህርት» የሚባለው የብራና መጽሐፍ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለ የጉለሌ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠፍቷል።

ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ለመሪጌታ ስለሺ ነገሩ ግልጽ ነበር። ብራናዎቹን በካሜራ የምታነሳው ሚልካ ጴንጤ ናት፤ ቁልፍም ተሰጥቷታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ኢንስፔክተር ሲና ግን ማስረጃ ትወዳለች።

«መዝገቡን ያሳዩኝ፣ መሪጌታ።»

አገላበጠችው። የመጽሐፉ ስም የለም።

«እዚህ ያልተጻፈ መጽሐፍ እንዴት ጠፋ?»

«እ... ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም። ሐዋርያ ስለመጻፉ ምስክር የለውም፤ የጥንት አባቶችም በቅዳሴ አላነበቡትም። ለምክር ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉትን ለይቼ ሣጥን ውስጥ ላሽጋቸው ነበር።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ሚልካ በሩ ላይ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆማለች። ድምፅዋ ጽኑ ነው።

«እኔ ግዕዝ አላነብም። ከአርባ መጻሕፍት ይሄን በምን እለየዋለሁ? ማሰር ከፈለጋችሁ በማስረጃ እሰሩኝ፤ በሃይማኖቴ አይደለም።»

ሲና ማኅደሩን ደግማ አየችው። ለመሸጥ የሚሰርቅ ከነማኅደሩ ይወስዳል፤ የቸኮለ ደግሞ መሬት ጥሎት ይሄዳል። ይህኛው ማንገቻው ተስተካክሎ ተሰቅሏል። የወሰደው ሰው የመጽሐፍ ልብስ እንኳን መሬት እንዳይነካ ይሳሳል።

«ጠዋት ሲከፍቱ ማን ይገባል?»

«እማሆይ ወለተማርያም ብቻ። ለመጥረግ።»

አራቱም ወደ መነኩሲቷ ጎጆ ሲሄዱ እማሆይን መንገድ ላይ አገኟቸው። በነጠላ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ልጅቷ መያዟን አሁን ሰማሁ። እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ልቀቋት።»

ሲና ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች፤ ሚልካ ተለቀቀች።

«ለምን ወሰዱት፣ እማሆይ?»

«ትናንት ሣጥኑን አየኋ፣ ልጄ። ባሌ የሞተ ጊዜ ያቆመኝ ይሄ መጽሐፍ ነው። አርባ ዓመት ለመበለቶች አንብቤዋለሁ። አባቶች አልቆጠሩትም፤ እሺ፣ አልከራከርም። አይጥ ይብላው ግን አላሉም።»

መሪጌታ አፈሩ። «ክሱን ትቻለሁ» አሉ።

«አይተዉት። ሰርቄያለሁ፤ ክሰሱኝ። ክሱ ላይ ግን የመጽሐፉ ስም ሙሉውን ይጻፍ። የእርስዎ መዝገብ ካልተቀበለው የፖሊስ መዝገብ ይቀበለው።»

ሲና እስክሪብቶዋን አወጣች። ከተጠርጣሪዋ ስም በፊት የመጽሐፉን ስም ጻፈች።